ስንዝር

ደጄ መኪና ግርግር ነው፣ ከፈረስ መጋላ ሲወርዱ፣
ሰላሳ አንድ ዓመት ሲንጀሬ ሲንቋቋ፣ ሲያስተጋባ መንገዱ፤
ትከሻና ወገብ ለካሁ፣
ለሠርግም ለቀብርም ሰፋሁ፤
ከሁሉም ግን፣ ከሁሉም፣
አንድ አንድ ስንዝር አስቀረሁ።

ሌባ ነኝ ብዬ አላውቅም። እጄ ናት እንጂ የለመደች፤
መቀሷን ይዛ ስትሄድ፣ ከጫፉ ላይ ታዘነብላለች።
«ጨርቁ አነሰ» ስለው፣ ባለቤቱ አምኖኝ ይሄዳል፤
ቁራጩ ከወንበሬ ሥር፣ ከጆንያው ይገባል።
አልሸጠው፣ አልለብሰው፤ ለምን እንደማኖረው አላውቅ፤
ነፍስ ጠግባም ትቋጥራለች፣ ለማትሄድበት መንገድ ስንቅ።

አንድ ሐሙስ፣ ከአስር ሶላት በኋላ፣
የወሊዩን ደጅ የምትጠርገው አይ ሹክሪያ መጣች፣
አረንጓዴ ጣቃ ታቅፋ።
«ልብስ ስፋልኝ።»
«ለማን?»
«ለፍጹም ሰው።»
«ልኩስ?»
«ልኩን ባውቀው፣ ልብስ ሰፊ ምን ይሠራልኛል?»
ሳቀች፤ ሁለት ጥርስ ነው የቀራት፤ ጨርቁን ትታልኝ ወጣች።

ሜትሬን ከአንገቴ ጥዬ ጀጎልን ዞርኩ ከበር በር፤
ግንቡ ራሱ ጎባጣ ነው፣ እንኳን ሥጋ የለበሰ ፍጡር።
ቃዲውን ለካሁ፤ የግራ ትከሻው ወረድ ብሏል።
ጫት ሻጯን ዘይቱናን ለካሁ፤ ቀኝ ክንዷ ከግራው ረዝሟል፣
ሚዛን በማንሳት ብዛት።
ሐጂ ኢምጃድን ለካሁ፤ ሆዱን ሳበ፣ ትንፋሹን ዋጠ፣
ሜትሬ እውነቱን እንዳታይ፣ ላቡ እስኪንጠባጠብ አማጠ።
ሱፍ የለበሰማ ሞልቷል፤ እኔው ነኝ የሰፋሁለት፤
ሱፍ ያማረበት ሁሉ ሱፊ ቢሆን፣ ሰፈራችን በሆነ ጀነት።

ማታ በመስታወት ራሴን ለካሁ፤
ጀርባዬ ጎብጧል፣ አንገቴ ወደ መርፌ አዘንብሏል።
ልክ የሚባል ልክ አጣሁ።
«እንግዲያው ለሁሉም እንዲሆን
ሰፊ አድርጌ ልስፋው» አልኩ።
ሰፋሁት።

ወስጄ ብሰጣት፣ ምንም ሳትል በእኔው ላይ አጠለቀችው።
ትከሻው ሞላ፣ ክንዱ ደረሰ፣
ታችኛው ጫፍ ግን እግሬ ጋ ሳይደርስ ቀረ።
ጎንበስ ብላ በጣቶቿ ለካችው፦
አንድ ስንዝር።
«ሌላው ልክ ነው» አለች።
«ይቺ ግን ማን ናት?»

ሱቄን ከውስጥ ቆልፌ ጆንያውን ዘረገፍኩ።
አረንጓዴዋ ከላይ ነበረች፤ እሷን ይዤ ብነሳ ይበቃኝ ነበር፤
ከሥሯ ያሉት ግን አዩኝ።
የአብዶሽ የሠርግ ሳቲን፤ አብዶሽ ፈትቷል፣ አግብቷል፣ ሞቷል።
ሰማያዊ ዩኒፎርም፣ እናቱ በዱቤ ያሰፋችለት ልጅ።
ነጭ፣ ከከፈን የተቆረጠ።
ከከፈን!
ሟቹ እግሩን በርዶት ይሆን፣
ሰላሳ አንድ ዓመት፣ በእኔ ስንዝር?

ከወሊዩ ግቢ ከረቡ ይመታል፣ ዚክሪው ይሰማል፤
ሲንጀሬን ረገጥኳት፤ ምቷ ከምቱ ጋር ገጠመ፣ ወይም መሰለኝ።
ሳቲንን ከከፈን፣ ዩኒፎርምን ከሱፍ፣
ጎን ለጎን ገጣጥሜ ለልብሱ ዘርፍ አደረግሁ።
ከዚያ ሁሉ ቁራጭ የእኔ የሚባል አልነበረም፤
መርፌው ጣቴን ወጋኝና
አንዲት ነጠብጣብ እኔም ገባሁ።

አይ ሹክሪያ ዘርፉን ዳሰሰች፣ አንድ በአንድ፣ ሰው እንደምትጨብጥ።
አልለበሰችው፤ እኔንም አላለበሰችኝ፤
ከመቃብሩ ራስጌ፣ ከምስማር ላይ ሰቀለችው።
ነፋስ ሲገባበት ብቻ ሰው ይመስላል።
«ልብስ ሰፊው» አለች፣ ጀርባዋን ሰጥታኝ፣
«አሁን ደግሞ አንተ ስፋ።»
የትኛውን ስፋ እንዳለችኝ
እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም።

ቅዳሜ አንድ የባቡር ሠራተኛ ከድሬዳዋ መጥቶ ካኪ አሰፋ።
መቀሴ ተነሳች፣ ሄደች፣ ከጫፉ ደረሰች፣
ያችው፣ እንደ ልማዷ፣ ዘንበል አለች።
አልሞተችም።
ብቻ፣ ዛሬ
አየኋት።